የፎርም ዳታ ኩዌሪ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዴት ይስተካከላል?

ተጠቃሚው ፎርም ሞልቶ «ፈልግ» ሲል፣ የላከው ነገር እንደወረደ ዳታቤዝ ዘንድ መድረስ የለበትም። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ምኑ ይቀየር? የት ላይ? ማን ቀድሞ ማን ይከተል? ብዙ ሲስተም ውስጥ መልሱ የተበታተነ ነው። አንዱ ፋይል ላይ ትርፍ ክፍተት ይቆረጣል። ሌላው ላይ ፊደል ይተካል። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ጋ ሲደረስ ደግሞ ሌላ ሰው የሆነ ነገር ይጨምርበታል። ከዚያ «ሰውየው ተመዝግቧል፣ ስፈልገው ግን አይመጣም» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ኮዱን የሚያየው ሰው ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

አንድ ፎርም ይዘን እንሥራው። የአባላት መፈለጊያ ነው እንበል። ስም፣ ስልክ፣ የምዝገባ ቀን ከዚህ፣ እስከዚህ፣ «ንቁ አባላት ብቻ» የሚል ቼክቦክስ፣ እና ውጤቱ በምን ይደርደር የሚል ምርጫ አለው። በፓይተን ብትሠሩ በፒኤችፒ ወይም በጃቫስክሪፕት አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ የመጣውን በጥሬው እዩት

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ሰርቨሩ የተቀበለውን ዳታ ሎግ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ አውጡትና ተመልከቱት። አንዳንድ ነገር ያስገርማችኋል። ሁሉም ጽሑፍ ነው። ቁጥሩም ቀኑም ስትሪንግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ባዶ የተተወ የጽሑፍ ፊልድ «የለም» ሆኖ ሳይሆን ባዶ ስትሪንግ ሆኖ ይመጣል። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ደግሞ ጭራሽ አይላክም፤ ስሙም የለም። «ውሸት» የሚል ዋጋ ከጠበቃችሁ ትጠብቃላችሁ።

የመደመር ምልክቷንም ልብ በሉ። በዩአርኤል ውስጥ ፎርም ሲላክ ክፍተት ወደ + ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ሰው ጃቫስክሪፕት ላይ አድራሻውን በእጁ እየቀጠለ ከሠራውና ኢንኮድ ማድረግ (ልዩ ምልክቶችን ለአድራሻ ወደሚስማማ መልክ መቀየር) ከዘለለ፣ በ+ የሚጀምር ስልክ ቁጥር ሰርቨሩ ጋ በክፍተት ጀምሮ ይደርሳል። ይህን በማጽጃ ኮድ ለማከም መሞከር አጉል ድካም ነው። የሚስተካከለው ላኪው ጋ ነው።

ሎጉ ላይ የይለፍ ቃል እንዳይወጣ ብቻ ተጠንቀቁ።

2. ዋናውን አትንኩት፣ አዲስ ሥሩ

ጃንጎ በሚባለው የፓይተን ፍሬምወርክ (የተዘጋጀ የኮድ ማዕቀፍ) ላይ የተላከውን ፎርም በቀጥታ ለመቀየር የሞከረ ሰው «ይህ አይለወጥም» የሚል ስህተት ያየዋል። ሌላው የፓይተን ፍሬምወርክ ፍላስክም እንዲሁ የማይለወጥ አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ሰዎች በዚህ ይናደዳሉ። ሆኖም ክልከላው ትክክል ነው። ዋናው ጽሑፍ ያስፈልጋችኋል። ፎርሙ ተመልሶ ሲታይ ተጠቃሚው የጻፈውን እንጂ እናንተ ያጠባችሁትን ማየት የለበትም። ስህተት ስትፈልጉም «ምን ልኮ ነበር?» ለሚለው መልስ የሚሆነው እሱ ነው።

ኮፒ አድርጎ ኮፒውን መቀየር ይቻላል። እኔ ግን ከባዶ መነሳትን እመርጣለሁ። ባዶ መያዣ ትከፍታላችሁ፤ የምታውቋቸውን ስድስት ፊልዶች ብቻ አንድ በአንድ እያነሳችሁ፣ እያስተካከላችሁ ትከታላችሁ። ያልጠራችሁት እንግዳ አይገባም። የመጣውን ሁሉ ጠቅልሎ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ታይቷል። ጊትሀብ የተሠራበት ፍሬምወርክ ሬይልስ የተላኩ ፊልዶችን በጅምላ ሲቀበል ነበርና፣ አንድ ፕሮግራመር ፎርሙ ላይ ያልነበረ ፊልድ ጨምሮ ልኮ፣ የመግቢያ ቁልፉን የራሱ ባልሆነ ፕሮጀክት ላይ ማስመዝገብ ችሏል። ከዚያ ወዲህ ሬይልስ የሚፈቀዱትን ፊልዶች በስም እንድትጠሩ ያስገድዳል።

3. ቦታው አንድ ይሁን

ማስተካከያው በሙሉ አንድ ፈንክሽን ውስጥ ይግባ። ጥሬው ይገባል፣ የጸዳው ይወጣል። ኩዌሪ የሚሠራው ኮድ ጥሬውን ጭራሽ ማየት የለበትም።

ፍሬምወርኮቹ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አላቸው። ጃንጎ ላይ የፎርሙ «ክሊን» ሜተዶች ናቸው፤ ውጤቱ «ክሊንድ ዳታ» ውስጥ ይቀመጣል። ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ላይ ከቫሊዴሽን (ከማረጋገጫ) በፊት የሚጠራ «ፕሪፔር ፎር ቫሊዴሽን» የሚባል አለ። ሬይልስ ከ7.1 ጀምሮ ሞዴሉ ላይ «ኖርማላይዝስ» የሚል መግለጫ ጨምሯል። ፍሬምወርክ ከሌላችሁ አንድ ተራ ፈንክሽን ይበቃል።

ብራውዘር ላይ በጃቫስክሪፕት ማስተካከልስ? ለተጠቃሚው ምቾት ጥሩ ነው። ግን አትመኩበት። ብራውዘር ሳይከፍቱ ሰርቨሩ ላይ መላክ ይቻላል።

4. ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ጫፍና ጫፉን መቁረጥ፣ ቀጥሎ ፊደሉን ወደ አንድ መልክ ማምጣት፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ዓይነት መቀየር፣ መጨረሻ ላይ ማረጋገጥ። ማረጋገጫው ከማጽጃው በኋላ የሚመጣበት ምክንያት አለው። «ስም ቢያንስ ሦስት ፊደል» የሚል ደንብ ካላችሁና ቀድማችሁ ካረጋገጣችሁ፣ ሦስት ክፍተት የጻፈ ሰው ያልፋል። በኋላ ሲቆረጥ ባዶ ይሆናል። ያረጋገጣችሁት ሌላ፣ የተጠቀማችሁበት ሌላ ሆነ ማለት ነው።

መቁረጥ ራሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የፒኤችፒ «ትሪም» ተራውን ክፍተት፣ ታብን፣ አዲስ መስመርን ያነሳል። ከድረ ገጽ ወይም ከዎርድ ኮፒ ሲደረግ አብሮ የሚመጣውን የማይሰበር ክፍተት ግን አያነሳም። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ይህን ያነሳሉ። ወርድ የሌለውን የማይታይ ክፍተት ግን እነሱም ይተውታል። ዓይን አያየውም፣ ዳታቤዙ ግን ያየዋል። ስለዚህ እነዚህን በስም ጠርታችሁ አስወግዱ። መሐል ላይ የተደራረቡ ክፍተቶችንም ወደ አንድ አምጧቸው።

ላራቬል መቁረጡንም፣ ባዶ ስትሪንግን ወደ ነል («ዋጋ የለም» ማለት ነው) መቀየሩንም ሳትጠይቁት ይሠራል። ይህን ሳያውቅ ባዶ ስትሪንግ እየጠበቀ የሚደነቅ ሰው አይጠፋም።

5. ስም፦ ብዙ ሥራ ያለበት ፊልድ

አባሉ ሲመዘገብ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል። ፈላጊው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ስም ነው። ለዳታቤዝ ግን ሦስት ፊደል ካለው ቃል ውስጥ ሁለቱ የማይገናኙ ናቸው። ይህ ስም ፀ እና ጸን፣ ከዚያ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃን በማፈራረቅ ብቻ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል።

የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን ይህን ይፈታል ብላችሁ አትጠብቁ። እሱ የሚሠራው አንድ ፊደል በሁለት መንገድ ሲገነባ ነው፤ ለምሳሌ የፈረንሳይኛው ባለጭረት ፊደል አንድ ጊዜ እንደ አንድ ምልክት፣ ሌላ ጊዜ ፊደሉና ጭረቱ ለየብቻ ሆነው ሲመጡ። ሀ እና ሐ ግን በዩኒኮድ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ፊደላት ናቸው። የትኛውም ኖርማላይዜሽን አያገናኛቸውም። ለላቲን ፊደላት ስትሉ ግን እሱንም ጥሩት፤ አንድ መስመር ነው።

ለእኛ ፊደል የራሳችሁን መተኪያ ሰንጠረዥ ትሠራላችሁ። ሐ እና ኀን ከነዝርያቸው ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። በዚያ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ሁሉም ተደምሮ 40 መተኪያ አይሞላም። ድርብ ነጥቧን «፡» ደግሞ በክፍተት ተኩ፤ አንዳንድ ሰው ስምን ከአባት ስም የሚለየው በእሷ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፈላጊው የጻፈውን ብቻ ካስተካከላችሁት ነገሩን ጭራሽ ታብሱታላችሁ። ተጠቃሚው «ፀሐይ» ብሎ በትክክል ቢጽፍ፣ እናንተ «ጸሀይ» አድርጋችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ደግሞ «ፀሐይ» ነው። ቀድሞ ይገኝ የነበረው ሰው ጠፋ። ማስተካከያው በሁለቱም በኩል አንድ መሆን አለበት። ቴብሉ ላይ ሁለተኛ ኮለም ጨምሩ። የመጀመሪያው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ይይዛል፤ የሚታየውም እሱ ነው። ሁለተኛው በሰንጠረዡ ያለፈውን ይይዛል፤ የሚፈለገው በእሱ ነው። ምዝገባውም ፍለጋውም ያችኑ አንድ ፈንክሽን ይጥሩ። ሰው ስሙ ላይ ያለውን ሐ በሀ ተቀይሮ ሲያይ ደስ አይለውም፤ መብቱም ነው።

«ኮለሙን ኩዌሪው ውስጥ እያለ ልቀይረው፣ ሁለተኛ ኮለም ለምን?» የሚል ይኖራል። ይሠራል። ግን ኩዌሪ ውስጥ ኮለምን በፈንክሽን ስትጠቀልሉ ዳታቤዙ በዚያ ኮለም ላይ ያለውን ተራ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) መጠቀም ይተዋል። እያንዳንዱን መስመር ማየት ይጀምራል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ በፈንክሽን ውጤት ላይ ኢንዴክስ ማድረግ ይፈቅዳል፤ ያ አንድ መውጫ ነው። ለእኔ ግን ሁለተኛው ኮለም ለማየትም ለመፈተሽም ይቀላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ርዝመት ስትቆጥሩ በምን እንደምትቆጥሩ እወቁ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የፒኤችፒ «ስትርለን» የሚቆጥረው ባይት ነው። አሥር ፊደል ያለው ስም 30 ይሆንበታል። «ከ20 አይበልጥም» የሚለው ደንብም ያለ ጥፋቱ ይመልሰዋል።

6. ስልክ

ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም። ወደ ኢንቲጀር ከቀየራችሁት ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። ስትሪንግ ሆኖ ይቆይ። ክፍተቱን፣ ሰረዙን፣ ቅንፉን አስወግዱ፤ አኃዞቹና መጀመሪያ ላይ ካለ + ይቅሩ። ከዚያ አንድ መልክ ምረጡ። በአገር ኮድ የሚጀምረው ይሻላል። በዜሮ የጀመረውንም በኮድ የጀመረውንም ወደዚያ አምጡ። ሲመዘገብም እንደዚሁ።

7. ቀን፣ በተለይ «እስከ» የሚለው

የብራውዘሩ የቀን መምረጫ ለተጠቃሚው በምንም መልክ ቢያሳየው፣ የሚልከው ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ነው፤ 2025-03-31 ብሎ። ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው።

ተጠቃሚው «ከ2025-03-01 እስከ 2025-03-31» አለ። እናንተ «ቢትዊን» (በመካከል) ብላችሁ ሁለቱን ሰጣችሁ። የምዝገባው ኮለም ሰዓትም የሚይዝ ከሆነ ዳታቤዙ 2025-03-31ን እኩለ ሌሊት ላይ ያለውን ቅጽበት አድርጎ ይወስደዋል። በመጨረሻው ቀን ጠዋት የተመዘገበ ሰው አይወጣም። ሪፖርቱ በየወሩ አንድ ቀን ይጎድለዋል። ማንም ሳያስተውል ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ምክንያቱም ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ቁጥሩም ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

አንዳንዶች «23:59:59» ይጨምሩበታል። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ባሉት ሽርፍራፊዎች ውስጥ የገባ መረጃ አሁንም ይጠፋል። ትክክለኛው ይህ ነው፦ ማጽጃው ውስጥ «እስከ» ላይ አንድ ቀን ጨምሩ። ኩዌሪው ደግሞ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወይም በኋላ፣ ከዚህ ከተጨመረው ቀን ግን በፊት» ይበል። ማለትም ከ2025-03-01 ጀምሮ፣ ከ2025-04-01 በፊት። የወሩ ርዝመትም የሰከንዱ ሽርፍራፊም አያስጨንቃችሁም።

ዳታቤዙ ሰዓትን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የሚይዝ ከሆነ፣ የተጠቃሚውን እኩለ ሌሊት ወደ ዩቲሲ ከቀየራችሁ በኋላ ነው ማወዳደር ያለባችሁ። መጀመሪያ ቀን ጨምሩ፣ ከዚያ ሰዓቱን ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሰዓት ለውጥ ባለባቸው አገሮች አንድ ሰዓት ይዛነፋል።

«ከ» ያለው ከ«እስከ» በኋላ ቢሆንስ? ፍለጋ ከሆነ ዝም ብላችሁ አቀያይሩት፤ ምን እንደፈለገ ግልጽ ነው። ገንዘብ ወይም ቀጠሮ የሚነካ ከሆነ ግን በራሳችሁ አትገምቱ፣ ጠይቁት።

8. ባዶ የሆነ ነገር

ስልክ ካልተሞላ «ስልኩ ባዶ የሆነውን አምጣ» ማለት አይደለም። «ስልክ አያገባኝም» ማለት ነው። ማጽጃው ባዶውን ወደ ነል ይቀይር። ኩዌሪ ሠሪው ደግሞ ነል ላልሆነው ብቻ ሁኔታ ይጨምር። ነልን በእኩል ይሆናል ምልክት ማወዳደር ሁልጊዜ ምንም አያመጣም። ስልክ የሌላቸውን በእውነት ከፈለጋችሁ «ኢዝ ነል» አለላችሁ። ለእሱ የተለየ ምርጫ ፎርሙ ላይ አስቀምጡ።

ቼክቦክሱ ከመጣ እውነት፣ ካልመጣ ውሸት። የገጽ ቁጥር ካለም ከ1 እንዳያንስ፣ በአንድ ገጽ የሚጠየቀው ብዛትም ከ100 እንዳይበልጥ አጥሩት። አንድ ሚሊዮን ብሎ የሚልክ አይጠፋም።

9. መደርደሪያው

ይህኛው ከሌሎቹ ይለያል። ዋጋን በፓራሜትር፣ ማለትም ከኩዌሪው ጽሑፍ ለይቶ፣ ማስገባት ይቻላል፤ የኮለም ስምን ግን አይቻልም። በፓራሜትር ብታስገቡት ዳታቤዙ እንደ ተራ ጽሑፍ ያየዋል፤ ብዙ ጊዜም ስህተት ሳያወጣ፣ ድርድሩ ሳይሠራ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሰው ይበሳጭና ስሙን በቀጥታ ኩዌሪው ላይ ይቀጥለዋል። ለአጥቂ በሩ ተከፈተ ማለት ያኔ ነው።

መፍትሔው መዝገብ ነው። ፎርሙ «ስም» ወይም «ቀን» ብቻ ይላክ። እናንተ ኮዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ የኮለሙን ትክክለኛ ስም ጻፉ። የመጣው መዝገቡ ላይ ካለ ከመዝገቡ ያለውን ትወስዳላችሁ፤ ከሌለ ነባሪው ይሆናል። የተጠቃሚው ጽሑፍ ራሱ ኩዌሪው ውስጥ በፍጹም አይገባም። ሽቅብ ወይም ቁልቁል የሚለውም እንዲሁ።

10. አሁን ወደ ኩዌሪው

የጸዳው መያዣ እጃችሁ ላይ ነው። እያንዳንዱን ዋጋ በፓራሜትር ስጡ። ጥቅስ ምልክትን መተካት፣ ቃላትን መሰረዝ የማጽጃው ሥራ አይደለም። ፒኤችፒ ይህን ሞክሮት ነበር። «ማጂክ ኮትስ» የሚባለው የተላከ ነገር ሁሉ ላይ ገና ሲገባ፣ ጥቅስ ምልክት ባየበት ሁሉ፣ ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ ይጨምር ነበር። ውጤቱ፣ ስማቸው ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ያለባቸው ሰዎች ስማቸው በየቦታው \ ተለጥፎበት መታየት ሆነ። ጥቃትንም በትክክል አልከለከለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.4 ላይ ተነቅሎ ተጣለ። ለኤችቲኤምኤል የሚደረገው ጥንቃቄም ቦታው ገጹ ሲታይ ነው። ከኩዌሪ በፊት ካደረጋችሁት «&» ያለበት ስም ተለውጦ ይፈለጋል፣ አይገኝምም።

በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር ግን አለ። በከፊል የሚመሳሰለውን የሚፈልገውን «ላይክ» ስትጠቀሙ % ማለት ማንኛውም ነገር፣ _ ማለት ማንኛውም አንድ ፊደል ነው። ፓራሜትር ይህን አይከለክልም። ስም ፊልድ ላይ % ብቻ የጻፈ ሰው አባላቱን በሙሉ ያያል። ስለዚህ የተጠቃሚው ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ፊት \ ጨምሩ። መጀመሪያ ራሷን \ን ድርብ አድርጉ፣ ከዚያ % እና _ን። አንዳንድ ዳታቤዞች ይህን እንዲሁ ይረዱታል፤ ሌላው ግን መለያ ምልክቱ የቱ እንደሆነ «ኤስኬፕ» ብላችሁ እንድትነግሩት ይፈልጋል። የራሳችሁን % ጫፉ ላይ የምትቀጥሉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ኩዌሪው አጠገብ ሥሩት እንጂ ማጽጃው ውስጥ አታስገቡ፤ የስሙ ጉዳይ አይደለም፣ የላይክ ጉዳይ ነው።

የይለፍ ቃልን ግን ምንም አታድርጉት። አትቁረጡ፣ ፊደል አትተኩ። ሰው ሆን ብሎ ክፍተት አስገብቶ ሊሆን ይችላል።

11. ፈትሹ፣ የቆየውንም አስተካክሉ

ለማጽጃው ቴስት ጻፉ። ክፍተት ብቻ፣ የማይታይ ክፍተት ያለበት ስም፣ %፣ ነጠላ ጥቅስ፣ ባዶ ፎርም፣ የተገለባበጠ ቀን፣ ጭራሽ ያልተላከ ፊልድ። አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ለፊደልና ለስልክ ማስተካከያው፣ የጸዳውን እንደገና አጽዱት። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ከተለየ አንድ ቦታ ስህተት አለ። የቀኑ ነገር ግን ይለያል፤ «እስከ» ላይ የሚጨመረው ቀን በየዙሩ ይደጋገማል። ስለዚህ ያንን ጥሬው ላይ አንዴ ብቻ አስኪዱት።

ሰንጠረዡን በኋላ ላይ ብትቀይሩት፣ ለምሳሌ አንድ መተኪያ ብትጨምሩ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያሉት የፍለጋ ኮለሞች በአሮጌው ደንብ የተሠሩ ናቸው። አዲሱ ኮድ ከመለቀቁ ጋር አብሮ በሙሉ እንደገና መሞላት አለባቸው። ቴብሉ ትልቅ ከሆነ በአንድ ትእዛዝ አትሞክሩት፣ ሌላውን ተጠቃሚ ይይዝባችኋል። በመለያ ቁጥር እየከፈላችሁ፣ አንድ ሺህ አንድ ሺህ መስመር እያደረጋችሁ አስኪዱት።